አንድ ካሬ፣ አምስት ጣውላ፣ ስድስት ቁራጭ

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሁለት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አንዱንም ሳልመልስ ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም፤ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጻፍኩ። እርስዎ ደህና ነዎት? እትዬስ? ጉልበቷን ሐኪሙ ምን አላት? ፋብሪካ ውስጥስ ያ የመሳቢያ ሥራ አለቀላችሁ?

ከጥያቄዎችዎ ቀላሉን ላስቀድም። አዎ፣ የተከራየሁት ክፍል ደህና ነው። አልጋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ ወንበር አለው፤ እርስዎ ቢያዩት የሠራውን አናጢ ፈልገው የሚጣሉት ዓይነት ነው። መስኮቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ብርጭቆዬ ይንቀጠቀጣል። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ሹራቡን እለብሳለሁ።

«ተማሪዎቹስ ወደዱሽ?» ያሉትን ዘልዬ ላልፈው ነበር። ግን እርስዎ እንኳን የተጻፈውን ያልተጻፈውንም ያነባሉ። «የወንድሜ ልጅ የሒሳብ መምህርት ሆነች» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩትን ሳስብ ደግሞ እጄ ይከብደኛል።

የተሰጠኝ ዘጠነኛ ሲ ነው። ሃምሳ ስምንት ተማሪ። የያዝነው ትምህርት ኳድራቲክ እኩልታን ፋክተር አድርጎ መፍታት ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

x² + 5x + 6 = 0

ኤክስ የማናውቀው ቁጥር ነው፤ እሱን ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያው «ኤክስ ስኩዌር» ተብሎ ይነበባል፤ ኤክስ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው። ዘዴው አጭር ነው። ሲባዙ ስድስት፣ ሲደመሩ አምስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች እንፈልጋለን፤ ሁለት እና ሦስት። ስለዚህ (x + 2)(x + 3) = 0 ብለን እንጽፋለን። እኔ ይህን በሰባት ደቂቃ አስተምሬ «ገባችሁ?» አልኩ። «ገባን!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። ክፍሉ «ጠበቃው» ይለዋል፤ የማይከራከርበት ነገር ስለሌለ።

«መምህርት፣ ስድስቷን ለምን እናባዛለን? አምስቷን ለምን እንደምራለን?»

«ሕጉ ነው» አልኩት።

«ሕጉን ማን አወጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። ቅንፉን በትኜ በሰሌዳው ላይ አሳየኋቸው። ፊደል በፊደል ላይ ሲከመር እያዩ አዛጉ። እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፣ እኔም ስማር የሸመደድኩት ነው። ለምን እንደሆነ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ፈተና ሰጥቼ ነበር። ውጤቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ለእትዬ ደህና ናት ይበሉልኝ።

የእርስዎው ችኩሌ


ኅዳር 11 ቀን

ለልጄ ለችኩሌ፤

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በር ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ፣ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እትዬሽ «ምን አለች?» ስትለኝ «ደህና ነኝ ትላለች» አልኳት። «ደህና የሆነ ሰው ወር ሙሉ ዝም አይልም» አለችና ወጣች። እንግዲህ አንቺው ታረቂያት። ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ምላሷ አልታመመም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅሁም፤ ኤክስ የሚባል ነገር ዓይኑን አይቼው አላውቅም። ግን «ኤክስ ስኩዌር» ብለሽ ስትጽፊ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ስኩዌር ማለት ካሬ አይደለም እንዴ? ካሬ ከሆነ ደግሞ እንጨት ነው! አርባ ዓመት ሙሉ ካሬ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ከቁርጥራጭ መካከል አንድ ካሬ አወጣሁ። ጎኑን አልለካሁትም። ኤክስ አይታወቅም ካልሽ አይታወቅ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ርዝመታቸው ከካሬው ጎን ጋር እኩል የሆኑ፣ ወርዳቸው አንድ ጣት የሆኑ አምስት ቀጫጭን ጣውላዎች ቆረጥሁ። እነዚህ አምስቱ ኤክስ ናቸው። ቀጥሎ በሁሉም በኩል አንድ ጣት የሆኑ ስድስት ትንንሽ ቁራጮች። እነሱ ስድስቷ ናቸው። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩና ራሴን እንዲህ አልኩት፦ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ሳይተርፍና ሳይጎድል አንድ ወጥ ገበታ አድርገህ ግጠመው።

መጀመሪያ አምስቱንም ጣውላ በካሬው አንድ ጎን ደረደርሁ። ገበታ ሆነ፤ ስድስቱ ቁራጮች ግን ቦታ አጥተው እጄ ላይ ቀሩ። ደግሞ አራቱን በጎን፣ አንዱን ከሥር አደረግሁ። ማዕዘኑ ላይ ክፍት ቦታ ተፈጠረ፤ አራት ቁራጭ ዋጠ። ሁለት ተረፈኝ። እትዬሽ በአጠገቤ ስታልፍ «ዕቃ ዕቃ ጀመርክ?» አለችኝ።

ከዚያ ሦስቱን በጎን፣ ሁለቱን ከሥር አደረግሁ። ማዕዘኑ ላይ የተፈጠረው ክፍት ቦታ ሦስት በሁለት ነው! ስድስቱ ቁራጮች ቁጭ ቁጭ ቁጭ አሉበት። ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት የለም። የገበታው አንዱ ጎን ኤክስና ሦስት፣ ሌላው ጎን ኤክስና ሁለት!

ችኩሌ፣ ዘልዬ ተነሣሁ። ወንበሩ ወደቀ። እትዬሽ እየሮጠች መጣች፤ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ!

ለዚያ ልጅ እንዲህ በይው፦ ጣውላዎቹን ለሁለት ጎን ስለምናከፋፍላቸው ድምራቸው አምስት መሆን አለበት። ማዕዘኑን የሚሞሉት ቁራጮች ደግሞ የሁለቱ ጎኖች ብዜት ናቸው። ሕጉን ማን አወጣው ላለሽ፣ ማዕዘኑ ነው ያወጣው።

ገበታውን በትንሽ ሣጥን አድርጌ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከመናኸሪያ ለሾፌሩ ሰጥቼልሻለሁ። ስለ መሳቢያው የጠየቅሽኝ፣ ሥራ መቼም ሥራ ነው።

ፈተናውን ሌላ ጊዜ አልሽኝ። ሌላ ጊዜ መቼ ነው?

ጋሼ


ኅዳር 20 ቀን

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታውን ከመጨረሻው ይፈልጉት፤ አሁን ጊዜ የለኝም!

ሣጥኑ ዓርብ ደረሰ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከፈትሁት። ደብዳቤዎን በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ ስገጥም ስድስተኛዋ ቁራጭ «ቋ» ብላ ስትገባ እኔም እንደ እርስዎ ጮህኩ። የስፖርት መምህሩ ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋ። አራት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጬ ያልታየኝ ነገር ከእርስዎ የእንጨት ፍርፋሪ ታየኝ!

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳውን አልነካሁም። ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥሁና «ሳይተርፍ ሳይጎድል የሚገጥም ይምጣ» አልኩ። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ከዚያ አንዷ ሞከረች፣ ሌላው «እንዲህ አይደለም!» ብሎ ተነሣ፤ አፍታ ሳይቆይ ሃምሳ ስምንቱም ጠረጴዛዬን ከበው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠላጠለ። ጠበቃው ሦስትና ሁለቱን ሲገጥም ዝም አለ። ጋሼ፣ ጠበቃው ዝም አለ! ቆይቶ ለራሱ የሚያወራ ይመስል «ማዕዘኑ ነዋ» አለ። የነገሩኝን አልነገርኩትም ነበር፤ ራሱ ነው ያየው።

በማግስቱ ሁሉም ከካርቶን የየራሳቸውን ቆርጠው መጡ። የአንዷ ከጫማ ሣጥን ነው፤ ቁጥር ሠላሳ ስምንት የሚል ተጽፎበታል። አሁን x² + 7x + 12 ብዬ ገና ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ «ሦስትና አራት!» ይሉኛል።

እንግዲህ ደስታው እንዳለ ሆኖ ሌላ ጊዜ ያልኩትን ልንገርዎ። በዚያ ፈተና ከሃምሳ ስምንቱ ግማሽ ያገኙት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ቢሯቸው አስጠርተው «እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድጋሚ ትፈትኛለሽ። ካልተሻሻለ ክፍሉን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አንቺ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትረጃለሽ» አሉኝ። ተማሪዎች ሴትዮዋን «ማስመሪያ» ይሏቸዋል፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አይጎብጡም። በዚያ ቀን የሥራ መልቀቂያ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ሰኞ ከክፍል ስወጣ ቀዳድጄ ጣልኩት። ይቆጡኝ፤ ግን አሁን ይቆጡኝ።

አሁን የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ x² + x − 6 ሲመጣ ምን ላድርግ? ስድስት የሌሉ ቁራጮች እንዴት ይቀመጣሉ? ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ለምን ከዜሮ ጋር እናስተካክላለን? (x + 2)(x + 3) = 12 ብዬ ብሰጣቸው ግማሹ ክፍል x + 2 = 12 ብሎ ይጽፋል። ዜሮ ሲሆን የሚሠራው አሥራ ሁለት ሲሆን ለምን እንደማይሠራ በእንጨት ቋንቋ ይንገሩኝ።

ደግሞ ሦስተኛ፦ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ምን ያደርጋሉ? ፋብሪካ አይደሉም እንዴ?

እንዴት ሰነበቱ? (ይኸው ሰላምታው።)

ችኩሌ


ኅዳር 29 ቀን

ለችኩሌ፤

መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ያቺ «የሌሉ ስድስት ቁራጮች» ያልሻት ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ አናቴ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመልቀቂያውን ነገር በተመለከተ አልቆጣም፤ ቀደሽዋል። ባትቀጂው ኖሮ ግን መጥቼ ራሴ እቀደው ነበር።

በመጀመሪያ ስድስቱን ቁራጮች ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ቀይ ማለት ጎደሎ ማለት ነው አልኩ። አንድ ቀይና አንድ ያልተቀባ (ነጭ ልበለው) እኩያው ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ ምንም አይቀርም። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። እንግዲህ በእጄ አንድ ካሬ፣ አንድ ጣውላ፣ ስድስት ቀይ ቁራጭ አለ። ስድስቱን ማዕዘኑ ላይ ሦስት በሁለት አድርጌ ልደርድር ብል፣ በአንዱ ጎን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ጣውላ ያስፈልገኛል። ያለኝ አንድ ነው! ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እዚያው ላይ ቆምኩ። ብስጭቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ በረንዳችን ላይ ይቀመጥ ጀመር። ጡረተኛው ፖስተኛ «ጣውላውን ሰንጥቀው» አለኝ። ልብስ ሰፊዋ «በሰያፍ አድርገው» አለች። አባረርኳቸው። ተመልሰው መጡ።

ሐሙስ ዕለት እትዬሽ ካልሲ እየጠቀመች «የሌለህን ጣውላ ከየት ታመጣለህ?» አለችኝ።

«ቀይና ነጭ እኩል ባመጣ ምንም አላመጣሁም ማለት ነው» አልኳት ዝም ብዬ፤ ለመከራከር ያህል። ከዚያ ሁለታችንም ተያየን።

ገባሽ? ሁለት ነጭ ጣውላ አመጣሁ፤ ወዲያው ሁለት ቀይ ጣውላ አመጣሁ። ስለሚጣፉ በነገሩ ላይ ምንም አልጨመርኩም። አሁን ሦስት ነጭ በአንድ ጎን፣ ሁለት ቀይ በሌላው ጎን፣ ስድስቱ ቀይ ቁራጮች ማዕዘኑ ላይ። ግጥም! ሦስት ሲቀነስ ሁለት፣ አንድ። ነጭ በቀይ ሲባዛ ቀይ ስድስት። ኤክስና ሦስት በኤክስ ሲቀነስ ሁለት። ልብስ ሰፊዋ እልል አለች፤ ምን እንደሆነ ግን ይገባት አይገባት አላውቅም።

ዜሮውን ደግሞ እንዲህ በያቸው። ገበታው ስፋት የለውም ካልኩሽ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ታውቂያለሽ፤ ወይ ርዝመት የለውም፣ ወይ ወርድ የለውም። ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ወይ ኤክስና ሦስት ዜሮ ነው፣ ወይ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት ዜሮ ነው። ስፋቱ አሥራ ሁለት ነው ካልኩሽ ግን ሦስት በአራት ይሁን፣ ሁለት በስድስት፣ ወይስ ግማሽ በሃያ አራት፣ ምን ታውቂያለሽ? ምንም! አሥራ ሁለት አፉን አይከፍትም። ዜሮ ግን ይናገራል።

ቀይ የተቀቡትን ልኬልሻለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳይነኩት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምን ትሠራለህ ያልሽኝ፣ ፋብሪካው አንዳንዴ ፈቃድ ይሰጣል።

ጋሼ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለልጄ፤

በድብቅ የላክሽልኝን ቁራጭ ወረቀት አግኝቻለሁ። እኔ እንደ እሱ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ በቀጥታ ልንገርሽ።

አዎ። ፋብሪካው አዲስ የመቁረጫ ማሽን አስገብቶ በእጅ የሚሠሩትን አናጢዎች ከመስከረም ጀምሮ አሰናብቷል። እሱ የመጀመሪያው ነበር። «ልጅቷ ገና ሥራ መጀመሯ ነው፣ እንዳትነግሪያት፣ ልቧ እዚህ ይቀራል» ብሎ አስምሎኛል። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ሁለት ወር ሙሉ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ? ጠዋት ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የትም አይሄድም ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ምሳ ስሰጠው «አልራበኝም»፤ ሰው ሲጠራው «የለም በይ»። መጋዙን ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ያንን ሳይ ቅስሙ እንደተሰበረ ገባኝ።

ከዚያ ያቺ ተማሪዎቼ አዛጉ ያልሽባት ደብዳቤ መጣች። ለእኔ ደህና ናት አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አልጋው ሥር ሲያንኮሻኩሽ ሰማሁት። መጋዙን እያወጣ ነበር።

አሁን በረንዳው ሰው አይጠፋበትም። ፖስተኛው በየቀኑ «ዛሬ ስንት ኤክስ አለ?» እያለ ይመጣል። ጋሼሽ በልቶ ያድራል፣ ይስቃል፣ ይሰዳደባል። ስለዚህ ልጄ፣ ያንቺ ልጆች ገባቸውም አልገባቸውም አንቺ ጥያቄ መላክሽን አታቋርጪ። ካለቀብሽ ፍጠሪ።

እንዳወቅሽ አታሳውቂው።

እትዬ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አየሩም ደህና ነው። ወንበሬን በካርቶን አስተካከልሁት። ልብስ ሰፊዋን፣ ፖስተኛውን፣ ሁሉንም ሰላም ይበሉልኝ።

ውጤቱን አሁን የሚፈልጉት ይመስለኛል። ይጠብቁ። እርስዎ አንድ ሳምንት አስጠብቀውኝ የለም?

ረቡዕ ጠዋት ክፍል ስገባ ማስመሪያዋ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደብተር ይዘዋል፤ ፊታቸው አይነበብም። ሰሌዳው ላይ x² + x − 6 = 0 ጻፍኩና ቀዮቹን ዘረጋሁ። አንዲት ተማሪ ወጥታ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ጣውላ ጨመረች። ኃላፊዋ ከኋላ ሆነው «ከየት አመጣሽው?» አሉ።

«ምንም አላመጣሁም» አለች፤ «ቀዩና ነጩ ይጣፋሉ»።

ከዚያ ኃላፊዋ ራሳቸው ተነሥተው መጡ። ጠመኔውን ከእጄ ተቀበሉና (x + 2)(x + 3) = 12 ብለው ጻፉ። «በሉ ፍቱልኝ»። ያው እኔን የገደለችኝ ጥያቄ! አንዱ x + 2 = 12 ቢል አበቃልኝ።

ጠበቃው ቆመ። «ክቡርነትዎ» አላቸው፤ እንዴት እንደደፈረ እንጃ። «አሥራ ሁለት ሲባል ሦስት በአራት ይሁን ሁለት በስድስት አይታወቅም። አሥራ ሁለት ምስክርነት አይሰጥም። መጀመሪያ ዜሮ ይደረግልን»። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሌላዋ ልጅ ወጣች፤ ቅንፉን በትና አሥራ ሁለቱን ቀነሰች፤ x² + 5x − 6 = 0 ሆነ። ሲባዙ ቀይ ስድስት፣ ሲደመሩ አምስት፤ ነጭ ስድስትና ቀይ አንድ። (x + 6)(x − 1) = 0። «ኤክስ ወይ አንድ ነው ወይ ከዜሮ በታች ስድስት ነው» አለችና ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። አንድን መልሰው ቢያስገቡ ሦስት ጊዜ አራት ይሆናል። አሥራ ሁለት!

ማስመሪያዋ ደብተራቸውን ዘግተው ወጡ።

ዓርብ ዕለት ድጋሚውን ፈተና ሰጠሁ፤ እርማቱን ራሳቸው ወሰዱት። ሰኞ አስጠሩኝ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛቸው ላይ በሁለት ክምር ተለይተው ተቀምጠዋል። አንዱ ክምር ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁ ያለፉት ይሁኑ የወደቁት አላወቅሁም።

ጋሼ፣ አርባ አራት! ከሃምሳ ስምንቱ አርባ አራቱ አለፉ! ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። መምህርት ኮሪደር ላይ አትሮጥም፤ እኔ ሮጥኩ።

ከመሮጤ በፊት ግን ኃላፊዋ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እነዚህን እንጨቶች የሠራው ማነው? እጁ የሚያስቀና ነው»። አጎቴ ናቸው አልኩ። ለአራቱም የዘጠነኛ ክፍሎች የሚሆን አሥራ አምስት ሣጥን እንዲሠሩልን እንፈልጋለን፣ ዋጋውን ይንገሩን አሉ። እኔም «ፋብሪካ ስለሚውሉ ጊዜ ይኑራቸው አይኑራቸው ልጠይቅ» ብዬ መጣሁ።

ጊዜ ይኖርዎታል ወይ ጋሼ?

ችኩሌ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለችኩሌ፤

አርባ አራት! ደብዳቤሽን በረንዳው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «አሥራ ሁለት ምስክርነት አይሰጥም» የሚለው ጋ ስደርስ ፖስተኛው በሳቅ ትን ብሎት ጀርባውን መታነው። ለዚያ ልጅ ከኔ ሰላምታ አድርሺ።

ጊዜ አለህ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንግዲህ ልናገር። ከመስከረም ጀምሮ ያለኝ ጊዜ ብቻ ነው። ከፋብሪካው አሰናብተውኛል። አፍሬ ነው የደበቅሁሽ። አንቺን ያህል መምህርት ያሳደገ ሰው በማሽን ተተካ ማለት ምላሴ ላይ አልሄድ አለኝ። ይህን ስጽፍ እትዬሽ አጠገቤ ተቀምጣ በጣም ዝም ብላለች። እሷ እንዲህ ዝም የምትለው ያጠፋች ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቀድመሽ እንዳወቅሽ አውቄያለሁ። ሁለታችሁንም ይቅር ብያለሁ። እናንተም ይቅር በሉኝ።

ሣጥኖቹን እሠራለሁ! አሁኑኑ ጀምሬያለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለዚህ ነው ወረቀቱ በእርሳስ የቆሸሸው።

ቁርጥራጮቹ ሁሉ ሳይደራረቡ ሲነጠፉ ሰባት መቶ ሃምሳ ካሬ ሴንቲሜትር ይይዛሉ። መያዣው ከላይ እንዲመች ርዝመቱ ከወርዱ በአምስት ሴንቲ እንዲበልጥ ፈለግሁ። እትዬሽ «ለክተህ አታየውም?» አለችኝ። «አልለካም» አልኳት። ወርዱን ኤክስ አልኩት! ርዝመቱ ኤክስና አምስት። ሲባዙ ሰባት መቶ ሃምሳ። ወደ አንድ ወገን አመጣሁት፦

x² + 5x − 750 = 0

ሲባዙ ቀይ ሰባት መቶ ሃምሳ፣ ሲደመሩ አምስት። ሰባት መቶ ሃምሳ ቁራጭ መቁረጥ አልችልም፤ እንጨት አልነካሁም፤ በጭንቅላቴ ብቻ ነው የሄድኩት። አሥርና ሰባ አምስት፤ ተራራቁ። አሥራ አምስትና ሃምሳ፤ ተራራቁ። ሃያ አምስትና ሠላሳ! ነጭ ሠላሳ፣ ቀይ ሃያ አምስት። (x + 30)(x − 25) = 0። ኤክስ ወይ ሃያ አምስት ነው፣ ወይ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። እንግዲህ ሠላሳ ሴንቲ የጎደለ ጣውላ በዕድሜዬ ቆርጬ አላውቅም፤ እሱን ጣልኩት። ሃያ አምስት በሠላሳ! ቆረጥሁ፣ ገጠምሁ፣ ቁርጥራጮቹን አነጠፍኩ። ልክ!

በስልሳ አንድ ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። አርሚልኝ። ቀይ እስክሪብቶ ብትጠቀሚ አልቀየምም።

አሥራ አምስቱን ጥር 6 ቀን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ሾፌር አላምንም። በዚያው አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ እንድቀመጥ ብታስፈቅጂልኝ ደስ ይለኛል። ድምፅ አላሰማም።

ጋሼ


ጥር 7 ቀን

ለእትዬ፤

ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽ ሾፌር ለብቻው ሲመጣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጋሼ ደህና ናቸው። ከደህናም በላይ ናቸው።

ትናንት አሥራ አምስቱን ሣጥን በጋሪ አስጭነው ግቢ ደረሱ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ እርሳሱ ጆሯቸው ላይ ነው፤ ያውልቁት ብላቸው «የለመደበት ነው» አሉኝ። ክፍል ውስጥ ሲገቡ ሃምሳ ስምንቱም ብድግ አሉ። እንዲህ ይሆናል ብለው ስላላሰቡ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደገባ ፈለጉ። «እርስዎን ነው» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከኋላ ተቀመጡ። ድምፅ አላሰማም ያሉት አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ጠበቃው ዞር ብሎ «አባባ፣ ካሬዋ ብታድግስ? ገበታው አይፈርስም?» አላቸው። ጋሼ አላስቻላቸውም። ከኪሳቸው ሜትራቸውን፣ ከቦርሳቸው ሌላ መጠን ያለው ካሬ ከነጣውላዎቹ አወጡ። እዚያው ወለል ላይ ተንበርክከው ገጠሙት። አልፈረሰም። «ኤክስ የፈለገውን ያህል ይደግ» አሉ፤ «ሦስትና ሁለቱ አይለቁትም»። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ደወሉ ተደውሎ ማንም አልወጣም።

ማስመሪያዋ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። እትዬ፣ ሳቁ! ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ለጋሼ እጃቸውን ዘርግተው «ዘጠነኛ ኤ ነገ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይጠብቅዎታል» አሏቸው። ጋሼም እኔን ሳያማክሩ እሺ አሉ።

ዛሬ ኤ ክፍልን ጨርሰው አሁን ቢ ክፍል ናቸው። ሳቁ በግድግዳው ተሻግሮ እኔ ጋ ይሰማል። በእረፍት ደግሞ የወንበሬን እግር ነቅለው ካልሠራሁት ብለው ይዘውት ሄደዋል፤ ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው።

ቅያሪ ሸሚዝና የምላጭ ዕቃቸውን በዚሁ ሾፌር ላኪላቸው። ዓርብ እመለሳለሁ ብለዋል። ዓርብ ካልመጡም አትቆጪ፤ ዲ ክፍል ገና አልደረሳቸውም።

ችኩሌ